የሪዮ ዝናብ በሚሲሲፒ ባቡር ጣቢያ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አሜሪካዊቷ የጃዝ ዘፋኝ ስለ ካሳንድራ ዊልሰን ላወራችሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጃዝ ላይ የብራዚል ነገር ጣል ሲደረግበት ብዙም አይመቸኝም። ዘፋኙ ድምፁን ያለሰልሳል፣ ያንሾካሹካል። እኔ ደግሞ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ሰው የምጠብቅ ይመስለኛል። ካሳንድራ ጋ ይሄ የለም።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1955 ሚሲሲፒ፣ ጃክሰን ከተማ ነው። አባቷም ሙዚቀኛ ነበር፤ ጊታርና ቤዝ ይጫወታል። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ነው። በ1993 «ብሉ ላይት ቲል ዶውን» የተባለው አልበሟ ላይ የሮበርት ጆንሰንን የድሮ ብሉዝ ዘፈነች። የጃዝ ዘፋኝ ወጉ ከኋላ ፒያኖ ማሰለፍ ነው። እሷ ግን ጊታርና ከበሮ ፊት አመጣች። ደፋር ናት።

እኔን የያዘኝ ግን በ2002 የወጣው «ቤሊ ኦፍ ዘ ሰን» ነው። ለዚህ አልበም ወደ ትውልድ ግዛቷ ተመለሰች። ክላርክስዴል ሄዳ፣ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቀረጸች። የብሉዝ ዘፋኙ ማዲ ዋተርስ በ1943 ወደ ቺካጎ በባቡር የተሳፈረው ከዚህች ከተማ ነው። የብሉዝ አገር ማለት ይሄ ነው። (ብሉዝ ሲነሳ ወዲያው ትዝታን የመጥራት ልማድ አለን፤ ዛሬ ይለፈኝ።)

እና እዚያ ምን ዘፈነች? የብራዚላዊውን የቶም ዦቢምን የመጋቢት ዝናብ ዘፈን! «ወተርስ ኦፍ ማርች»ን ማለቴ ነው።

ዘፈኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሪዮ ላይ በጋው በዝናብ ሲዘጋ ነው። ታሪክ የለውም። እንጨት፣ ድንጋይ፣ ጭቃ እያለ ይዘረዝራል። ዜማው ጥቂት ኖታዎች ላይ ይመላለሳል፤ ከሥሩ ግን ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ኖታዎች) ቁልቁል ይወርዳል። ብሉዝም እኮ እንዲሁ ነው። አንዱን ስንኝ ይላል፣ ይደግመዋል፣ ዜማው ሩቅ አይሄድም። ሥራው በሙሉ የሚወድቀው ድምፁ ላይ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ዘፈኑ እሷ ላይ ልክ የሆነው። ብራዚላዊት ለመምሰል አልሞከረችም። በሚሲሲፒ ድምጿ፣ እንደ ብሉዝ ስንኝ፣ እያንዳንዱን ነገር አስቀምጣ ታልፋለች። ልጆችም አብረዋት ይዘፍናሉ። አልበሙ ላይ ከበሮውን ከሚመቱት አንዱ ብራዚላዊው ሲሮ ባፕቲስታ ነው፤ ጊታር ላይ ማርቪን ሱዌል አለ።

ሌላም የሪዮ ዘፈን አለበት፤ አሜሪካዊው ጄምስ ቴይለር ስለ ሪዮ የጻፈው። የከተማዋን ስም እየጠራ የሚያሞግሰው ይሄኛው ነው። ቆንጆ ነው፣ አልክድም፤ ግን የጎብኚ ሪዮ ነው። እኔ ጭቃ ያለበትን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ዦቢም ከብራዚላዊቷ ዘፋኝ ከኤሊስ ሬጂና ጋር በ1974 የቀረጸውን አድምጡ፣ ከዚያ የካሳንድራን። የቴይለሩን ከወደዳችሁት ደግሞ ጻፉልኝ፣ እንከራከራለን።