ከወለል በታች የሚኖሩ የውሃ ጠባቂዎች

[ምስል፦ በበረሃ መካከል የፈራረሰ የጭቃ ጡብ ጉብታ]

በደቡብ ኢራቅ አቡ ሻህረይን የሚባል ደረቅ ጉብታ አለ። በጥንት ዘመን እዚያ የኖሩት ሱመሮች ኤሪዱ ይሉት ነበር፤ የአምላካቸው የኤንኪ ከተማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1949 ቦታውን የቆፈሩት ፉአድ ሳፋር እና ሴተን ሎይድ አንዱ በሌላው ላይ የተሠሩ ቤተ መቅደሶችን አገኙ፤ በውስጣቸውም ለመሥዋዕት የቀረበ ዓሣ አጥንት።

ኤንኪ ግን የባሕር አምላክ አይደለም። መኖሪያው አብዙ ነው፤ ከመሬት በታች የተኛው፣ ምንጭና ጉድጓድ የሚመግበው የሚጠጣ ውሃ። ጠባቂዎቹም የሚወጡት ከዚያ ነው።

[ምስል፦ በወንዝ ላይ የምትቀዝፍ ጀልባ]

በአንድ የሱመር ግጥም ውስጥ ኤንኪ ቢራ ጠጥቶ ሞቅ ሲለው፣ ሜ የሚባሉትን የሥልጣኔ ሥርዓቶች ለሴት አምላኳ ለኢናና ይሰጣታል፤ እሷም በጀልባ ጭና ትሄዳለች። ስካሩ ሲለቀው ጀልባዋን እንዲያስመልሱ ከላካቸው መካከል ሃምሳ ላሃማዎች ይገኙበታል፤ የአብዙ ፍጡራን ናቸው። አልሆነላቸውም፤ ኢናና ከተማዋ ኡሩክ ገባች። ለጥበቃ ሥራ የሚያኮራ ታሪክ አይደለም።

[ምስል፦ የዓሣ ካባ የደረበ ሰው ቅርጽ]

ይበልጥ የታወቁት ሰባቱ አፕካሉዎች ናቸው፤ ከጥፋት ውሃ በፊት ለሰው ልጅ ጥበብ ያስተማሩ። ዛሬ በኢንተርኔት ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው የሚል አይጠፋም። ቅርጹን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ጺማም ሰው ነው፣ የዓሣውን ራስ እንደ ቆብ ደፍቶ ቆዳውን በጀርባው ለቆታል። በእጁ ባልዲ ይዟል፤ ውሃው እንደ ጠበል ለማንጻት የሚረጭ ነው። በእርግጥ ይህ መልክ በብዛት የሚታየው ከሱመሮች ብዙ ዘግይቶ፣ በአሦራውያን ዘመን ነው።

[ምስል፦ ከወለል ሥር የወጣ የጡብ ሣጥን]

አሦራውያን በሽታና ክፉ መንፈስ ወደ ቤት እንዳይገባ እነዚህን አፕካሉዎች በትንንሹ ከሸክላ ይሠሩ ነበር። አሺፑ የሚባለው መንፈስ አስወጪ ካህን ጸሎት ደግሞባቸው በጡብ ሣጥን ውስጥ ከወለል ሥር ይቀብራቸዋል። በአሦርና በኒምሩድ ከተሞች ብዙ ተገኝተዋል። ለምን ከወለል ሥር? ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ከወለሉ በታች አፈር፣ ከአፈሩ በታች አብዙ ስላለ ነው። ጠባቂው ለአገሩ ቅርብ ሆኖ ይቆማል።

አብረዋቸው ከሚቀበሩት አንዱ ከፊቱ ፍየል፣ ከኋላው ዓሣ የሆነው የኤንኪ እንስሳ ነው። ባቢሎናውያን ወደ ሰማይ አውጥተው ከከዋክብት መደቡት፤ በእኛ ኮከብ ቆጠራ ጀዲ የሚባለው እሱ ነው።