ቅጣት ዋጋ እንዳይሆን
(በወሎ፣ በባቲ ከተማ፣ ቅሬ ለሚባለው እድር ዳኞችና ለነጋዴዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የቅሬ ዳኞች፣ ሼሆችና ቀሳውስት፣ ነጋዴዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰበሰብነው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ስለሚሸጠው ቅቤ፣ ማርና በርበሬ ለመምከር ነው። እኔ የህግ ሰው ነኝ፤ ግን ህግ ብቻውን ይበቃል ብዬ አልመጣሁም።

ህጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ህጋችን በመጀመሪያው አንቀጽ የሚያስቀድመው ማሰርን ሳይሆን፣ ወንጀሉንና ቅጣቱን አሳውቆ ጥፋትን መከላከልን ነው። ቅጣት የሚመጣው ማስጠንቀቂያው ሳይበቃ ሲቀር ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ዕቃ መሸጥ ከልክሏል። ታዲያ ለምን አልቀረም?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ አጥፊም እንደ ሌላው ሰው ትርፍና ኪሳራውን ያሰላል አለ። የሚያሰላውም የቅጣቱን ልክ ብቻ ሳይሆን የመያዝ ዕድሉንም ጭምር ነው። እናንተ ነጋዴዎች ሂሳቡን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በየሰኞው ገበያ 2,000 ብር በማጭበርበር የሚያገኝ ሰው አለ እንበል። በሦስት ዓመት 300,000 ብር ያልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴ ተይዞ 20,000 ብር ቢቀጣ ከፍሎ ይመለሳል። ቅጣቱን እጥፍ ብናደርገውም ያው ነው። የሚያስፈራው መያዝ እንደማይቀር ሲያውቅ ነው። በአውጫጭኝ ዘመን አገሬው ሁሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ከሥራው ይታገድ ነበር። ጥፋት የሌለበትን ሰው የሚያጉላላ ሥርዓት ስለነበር ይመለስ አልልም፤ ሌባው መደበቂያ እንዳይኖረው ማድረጉን ግን ልንማርበት ይገባል።

ገንዘብ ብቻውን የሚያመጣውን ጉዳትም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት በእስራኤል ሃይፋ ከተማ 10 የሕፃናት ማቆያዎችን ተከታትሎ ነበር። ልጃቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ስለነበሩ በ6ቱ ማቆያዎች ለሚዘገይ ወላጅ አነስተኛ መቀጫ ተጣለ። የሚዘገየው ወላጅ ግን በዛ። ቀድሞ መምህሯን ማስመሸት ያሳፍረው የነበረ ሰው አሁን ከፍያለሁ ብሎ ተረጋጋ። ይባስ ብሎ መቀጫው ሲነሳም ነገሩ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። አንዴ የጠፋ ሐፍረት በቀላሉ አይመለስም ማለት ነው። እኛም ዘንድ መቀጫውን እንደ ግብር የሚቆጥር ነጋዴ አለ።

ስለዚህ ወደ ቅሬያችን ልምጣ። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ሰው ከፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ይልቅ የቅሬውን ፊት ይፈራል። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ቀሳውስቱ ያስተምራሉ፤ ቁርኣን ውስጥም ስፍርና ሚዛን ለሚያጎድሉ ወዮላቸው የሚል ምዕራፍ እንዳለ ሼሆቻችን ያውቃሉ። ሁለቱም እምነት አንድ ቃል ነው የሚናገረው።

ነገር ግን ይሉኝታ በሁለት በኩል ይሠራል። አጥፊውን እንደሚገታው ሁሉ ምስክሩንም አፍ ያስይዘዋል። «የጎረቤቴን ልጅ እንዴት አጋልጣለሁ? ነገ ቀብር ላይ እንዴት ልየው?» የሚል ሰው አውቆ ዝም ይላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስም «በሽማግሌ ይለቅ» ይባላል። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ አባጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን ደም ያደረቁበት አገር ነው። ያንን ቅቤ የበሉ ሕፃናት ግን በዚያ ሽምግልና ላይ አልተቀመጡም፤ ማን ስለ እነሱ ይቅር አለ?

ሌላም አለ። ሰኞ ባቲ የሚመጣው ሰው ሁሉ የቅሬያችን አባል አይደለም። ከአፋር በረሃ ግመሉን ነድቶ የመጣ እንግዳ በየትኛው ቅሬ ይሟገታል? ለጎረቤቱ ንጹሑን፣ ለእንግዳው የተቀላቀለውን የሚሸጥ ነጋዴ ሐፍረት አላጣም፤ ሐፍረቱ የሚደርሰው እስከ ቅሬው ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው የሚጠብቀው ህጉ ነው፤ ተቆጣጣሪውም በየገበያው ቀን መታየት አለበት።

ከቅሬዎቹ የምጠይቀው በደንባችሁ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንድትጨምሩ ነው። ምግብ በመመረዝ ወይም በማጭበርበር በፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው የቅሬ ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ አይሁን፤ ጥቆማ የሰጠ አባልም በቅሬው አይወቀስ። ከቀብር ማግለልን ግን አልደግፍም፤ ልጆቹና እናቱ አላጠፉም። ፍርድ ሳይሰጥ በወሬ ብቻ ማንም አይነካ፤ ቂም ያለው ሰው ደንቡን መሣሪያ ያደርገዋልና።

ጠቅላላ ጉባኤ በጠራችሁ ጊዜ ረቂቁን ያለ ክፍያ ጽፌ አቀርባለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።