ክንፍ ውስጥ የገባ ውኃ
(ኮምቦልቻ ላይ ለቴክኒክ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ ጠዋት ከደሴ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ያዘን። ዝናብ የለም፣ መስኮቱም ዝግ ነው፤ የመኪናው መስታወት ግን ከውስጥ አላበው። ሾፌሩ በእጅጌው እየጠረገ ሲያማርር እኔ ደስ አለኝ። ንግግሬ መንገድ ላይ ተጀመረልኝ።

ጨርቅ የለበሱት የድሮ ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ እነ ታይገር ሞዝ፣ እነ ፓይፐር ከብ፣ ክንፋቸው እንደዚያ መኪና ያልበዋል። የክንፉ ወጋግራ ስፓር፣ ማገሩ ሪብ ይባላል፤ በላዩ ጨርቅ ይወጠራል። ድሮ ጥጥ ነበር፣ ኋላ ፖሊስተር መጣ። ጨርቅ ለሚሸመንበት ከተማ ልጅ ይህን አላብራራም።

ሌሊት ጨርቁ ሲቀዘቅዝ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱን ይለቃል፤ ጠብታው ይወርዳል። ዝናብም በየመጋጠሚያው ሾልኮ ይገባል። «ታዲያ ድፈነው» የሚል አይጠፋም፤ በወጣትነቴ እኔም ብያለሁ። ዋልካ የሚያርስ ገበሬ ግን ዝናቡን ልከልክል አይልም፤ ፈሰስ ያወጣል።

የክንፉ ፈሰስ ከሆዱ በኩል፣ የኋላው ጠርዝ አጠገብ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። ጨርቁ ከየሪቡ ጋር ስለሚሰፋ ውኃው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደልቡ አይሻገርም፤ ስለዚህ በሪብና በሪብ መካከል ሁሉ ቀዳዳ ያስፈልጋል። እንዳትተረተር ግሮሜት የሚባል ቀለበት ይለጠፍባታል። ለምን ኋላ? የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን ሲቆም አፍንጫው ሽቅብ ነው፤ ውኃው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የአፍንጫ ጎማ ያለው አቋሙ ሌላ ነው። ዝቅ ያለውን ቦታ ንድፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ በቆመበት ፈልጉት።

አንድ ጊዜ ቀለበቶቹን አሳምሬ ለጠፍሁ፣ ቀለም ቀባሁ፣ ፎቶም ተነሣሁ። ጨርቁን መብሳት ረሳሁ! ክረምቱ ሲወጣ ክንፉን ነቅነቅ ባደርገው እንደ ቅል ተንቦጫቦጨ። አለቃዬ ምንም ሳይናገር ቢላዋ አቀበለኝ።

ዕድለኛ ነበርሁ። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታው መብላት ይጀምራል። በድሮዎቹ ላይ ያለው ከወተት የሚሠራው የኬዚን ሙጫም እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል፤ ከውጭ ክንፉ አምሮ ውስጡ መገጣጠሚያው ተላቋል። ከሁሉ የምፈራው ግን ኤይለሮኑን፣ ከክንፉ በስተኋላ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈውን ክፍል ነው። ከማጠፊያው በስተኋላ ውኃ ከተጠራቀመ ሚዛኑ ይዛባል፤ በፍጥነት ሲበር ይርገፈገፋል፣ ርግፍግፉም ክንፍ ሊሰብር ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያመጣው ጥቂት ውኃ ነው።

ተብሳ ያደረች ቀዳዳም አትታመንም። ተርብ ጭቃ ይሞላባታል፣ ቀለም ቀቢ ይደፍናታል። ከበረራ በፊት ዝቅ ብላችሁ እዩአት፤ ሱሪ ይታጠባል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ አሮጌ የክንፍ ቁራጭ አምጥቻለሁ። አምስት ቀዳዳዎች አሉት፤ ሁለቱ ተደፍነዋል። በስንጥር ፈልጓቸው፣ ብረት አታስገቡ። ከዚያ በእነዚያ በኩል ያለውን እንጨት በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት።