እዳ የለብኝም ብዬ ገብቼ

እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ከአንቺ ይልቅ ቬንትሌተሩ ነው የሚሰማው ስላላችሁኝ ይኸው በድሬ ሙቀት አጥፍቼው ላብ በላብ ሆኜ ነው ማወራላችሁ፣ አቦ ውለታዬን እንዳትረሱ።

ስለ ቤት ብድር ነው ዛሬ። ሳቢያን ተከራይተን ስንኖር 6 አመታችን ነው፣ አከራያችን ደግ ሰው ናቸው ግን በየአመቱ ይጨምራሉ፣ እና ከባለቤቴ ጋር ለምን ባንክ ሄደን አንጠይቅም ተባባልን። ኮራ ብዬ ነው የገባሁት። ከባንክ ሳንቲም ተበድሬ አላውቅም፣ ሱቅ ዱቤ የለብኝም። ብድር ክፍል ያለችው ልጅ "እህቴ ሌላ እዳ አለብሽ?" ስትለኝ "ኧረ በጭራሽ!"

"ለሰው ዋስ የሆንሽውስ?"

እዚህ ጋ ዝም። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ሲገዛ ፈርሜለታለሁ፣ ከ2 አመት በፊት፣ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እሱ ካቃተው ልከፍል ነው እኮ የፈረምኩት። ደብቄ ልለፍ ብትሉም አይሆንም፣ ባንኮች የተበዳሪን መረጃ በብሄራዊ ባንክ በኩል ያያሉ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተር አወጣሁና ሁሉንም መፃፍ ጀመርኩ። በቴሌብር "እንደኪሴ" (ሂሳብ ሲጎድል በምትሞላዋ ብድር) የሞላኋት ጥቃቅን ብር፣ ከእህቴ የወሰድኩት፣ ከዛ እቁብ ጋ ደረስኩ። እቁብን እኔ ሁሌም ቁጠባ ነው ምለው። 20 ሰው ነን፣ በወር 5,000፣ እና እኔ 3ኛው ዙር ላይ ወጥቶልኝ 100 ሺዋን በልቻለሁ። ፍሪጅ ሆናለች፣ የልጆች አልጋ ሆናለች። መጨረሻ ላይ ለሚደርሰው ሰው እቁብ ቁጠባ ነው፣ ለኔ ግን ከዛች ቀን ጀምሮ የ17 ዙር 85 ሺ ብር እዳ ነበር፣ ወለድ ስለሌለው ብቻ እዳ አይመስልም። ባንኳም አልጠየቀችኝም፣ ወረቀት ላይ የለማ። በየወሩ ከኩሽናዬ ላይ ግን 5,000ዋ ትነሳለች።

አሁን ሂሳቡን ስሙኝ፣ ልጅቷ በካልኩሌተር አሳይታኝ እኔም ቤት ደግሜ ሰርቼዋለሁ። የኔና የባለቤቴ ደሞዝ 44 ሺ ነው። ለብድር ከሲሶው ባታሳልፉ ጥሩ ነው አለችን፣ ወደ 14,670 መሆኑ ነው። ወለዱን በምሳሌ 17 በመቶ እንበል፣ በ20 አመት የሚከፈል፣ ይቺ ሲሶ 1 ሚሊየን ብር ታስበድራለች። እሺ። ግን የመጀመሪያው ወር ላይ ከምትከፍሉት 14,670 ውስጥ 14,167ቱ ወለድ ነው፣ ከዋናው እዳ ላይ የምትቀንሰው 500 ብር ገደማ! ደንግጬ ሶስቴ ነው የደመርኩት። 20 አመት ሲሞላ የከፈልነው 3 ሚሊየን ተኩል አለፈ ማለት ነው። ለዛ ነው ቅድሚያ ክፍያ ላይ መበርታት ያለብን፣ 200 ሺ ጨምረን ቆጥበን 800 ሺ ብቻ ብንበደር ከ700 ሺ ብር በላይ ሳንከፍል እንቀራለን። ቁጠባው 7 በመቶ ወለድ ነው ሚያስገኘው ብላችሁ አትናቁት፣ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

ጎረቤቴ ደሞ ወለድ አትንኪ፣ ሙራባሃ ጠይቂ ትለኛለች፣ ባንኩ ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በየወሩ እየከፈልሽ ይሸጥልሻል። እሱም ቢሆን በየወሩ መክፈል አይቀርም፣ ግን እጠይቃለሁ።

አንድ ያስፈራኝ ነገር፣ መክፈል ካቃተን ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በጨረታ መሸጥ ይችላል፣ አዋጁ የ1990 ነው፣ ቁጥር 97። ስለዚ ማመልከቻውን ተውነው፣ ለጊዜው። እቁቡ 11 ዙር ቀርቶታል፣ እሱ ይለቅ። የአክስቴን ልጅም ደውዬ ስንት ቀረህ አልኩት፣ "ኧረ እያለቀ ነው" አለኝ፣ ወረቀቱን አሳየኝ ብዬዋለሁ፣ ትንሽ ቅር ብሎታል መሰለኝ።

እስከዛ ግን ልምምድ ጀምረናል። ኪራያችን 6,000 ነው፣ ብድሩ 14,670 ቢሆን ልዩነቱ 8,670፣ ደሞዝ የገባ ቀን እሷን ወደ ቁጠባ እንወረውራለን፣ የቤት ባለቤት እንደሆንን ቆጥረን፣ ስቴትመንቱም ላይ ይታያል። የመጀመሪያው ወር በ19 ነው ያወጣናት። የዘመድ ሰርግ መጣ፣ ምን ላድርግ። ይሄ ሁለተኛው ነው፣ ዛሬ 26 ነው፣ እስካሁን አልነካናትም፣ ግን ቤት ውስጥ ዘይት አልቋል። ነገ ቀፊራ ገበያ ስሄድ 300 ብር ብቻ ነው ምይዘው፣ ካርዱን ለባለቤቴ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም የት እንዳስቀመጠው አልነግርሽም ብሏል።

በሉ ቬንትሌተሬን ልክፈት፣ ሞትኩ።