ሳትረጪ አትጥረጊ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። መስኮቱን ዘግቼ ነው ድምፄን የምቀዳው። ወሬዬም ስለ አቧራ ነው፣ የቤት ዕቃን በእርጥብ ስፖንጅ ስለመጥረግ። ውጭ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ተነስቶ ይገባል። ባሕር ዳር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፣ ዘንባባው ያምራል። ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን ኮብልስቶን ያልደረሰው ሰፈር ብዙ ነው። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ እኛ ቤት ጠዋት የተወለወለ ቡፌ ላይ ከሰዓት በጣት ስም መጻፍ ይቻላል።

እናቴ አስም አለባት። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ደረቅ ጨርቅ ይዤ ቡፌውን፣ የቴሌቪዥን ጠረጴዛውን፣ የፎቶ ፍሬሞቹን ጠረግ ጠረግ። ከዚያ ጨርቁን በር ላይ ወጥቼ አራግፋለሁ። ቤቱ ያበራል። ማታ ላይ እማዬ ማሳል ትጀምራለች። ደረቷ ሲር ሲር ሲል ከጎኗ ተኝቼ እሰማ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማገናኘት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ያስነሳዋል እንጂ አይወስደውም። ከበድ ያለው ወዲያው ወለል ላይ ይወድቃል። ደቃቁ ግን ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ጠዋት በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ውስጥ ሲንሳፈፍ አይታችሁታል። ያንን እንተነፍሰዋለን። የተረፈው ተመልሶ እዚያው ቡፌ ላይ ያርፋል። እርጥበት ያለው ነገር ግን ብናኙን እርስ በርሱ አጣብቆ ይይዘዋል።

ይህንን እኮ እማዬ ራሷ ታውቀው ነበር። ግቢ ከመጥረጓ በፊት በጆግ ውሃ ይዛ፣ በእጇ ረጨት ረጨት ታደርጋለች። «ሳትረጪ አትጥረጊ» ትለኝ ነበር። ግቢው ላይ የምናውቀውን ቤት ውስጥ ረሳነው።

አምና ነው ጨርቁን ትቼ ስፖንጅ የጀመርኩት። መጀመሪያ የያዝኩት የዕቃ ማጠቢያዋን፣ በአንድ ጎኗ አረንጓዴ ሻካራ ያለባትን ነው። ሻካራው የቡፌውን ቫርኒሽ ጫረው። ጭረቱ ዛሬም በመስኮቱ ብርሃን ይታያል። ቀጥዬ ነጯን፣ ሜላሚን የምትባለዋን ገዛሁ። ግድግዳ ላይ ልጆች የሞነጫጨሩትን እርሳስ ታጠፋለች። ግን የምትሠራው እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀች ነው። የሚያብረቀርቀውን ታደበዝዛለች፣ ራሷም ተፈርፍራ ታልቃለች። ለአቧራ አትሆንም።

አሁን ያለችኝ ለስላሳ ናት። ፊቷ እንደታረሰ ማሳ ትልም ትልም አለው። አቧራው ትልሙ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። የመስኮት ጠርዝና የፍሬም ጥግ ላይ ትልም ከሌላት በጣም ትሻላለች። ትልም ያላት ካጣችሁ ከእንጨት ቃጫ የምትሠራዋን፣ ሴሉሎስ የምትባለዋን ፈልጉ። ስትደርቅ ድርቅ ትላለች፣ ውሃ ሲነካት ታብጣለች። ጥሩ ናት።

ግን የትኛዋንም ብትገዙ ዋናው መጭመቁ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውሃ የቋጠረች ስፖንጅ አቧራውን ጭቃ ታደርገዋለች፣ መስመር መስመር ትታ ትሄዳለች። ቺፕውድ ከሆነ ደግሞ ውሃው በጠርዙ ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ቺፕውድ አይመለስም። እኔ ስፖንጇን ጆግ ውስጥ እነክራታለሁ። በሁለት እጄ እጨምቃታለሁ። ጠብታው ሲያቆም በደረቅ ፎጣ ጠቅልዬ አንዴ እደግመዋለሁ። ከዚያ መዳፌ ላይ እጫናታለሁ። ውሃ ሳይወጣ ቅዝቃዜዋ ብቻ ከተሰማኝ፣ በቃ፣ ደርሳለች። ጠረጴዛው ላይ ሳሳልፋት የምትተወው እርጥበት እስከ አስር ሳልቆጥር ይጠፋል።

ከላይ ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ። ወዲያና ወዲህ አላሽም፣ በአንድ አቅጣጫ ነው የምስባት። ሳሙና አልጨምርም፣ ቅሪቱ ይጣበቅና ሌላ አቧራ ይስባል። ቧንቧ በማይመጣበት ቀን እንኳ ከጀሪካን የተቀዳ አንድ ጆግ ለሳሎኑ በሙሉ ይበቃል። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

የማልነካው አለ። የቴሌቪዥን ስክሪን፣ ሶኬት፣ መጽሐፍ፣ ቫርኒሽ የሌለው እንጨት። መሶቡንም ቀለሙ እንዳይለቅ ብዬ እተወዋለሁ። ግድግዳው ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ቀስ ብዬ አብሳለሁ።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ጣና ዳር ታንኳ የሚቀዝፉትን አይታችኋል አይደል? ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፣ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሐይቁ ሲወጡ ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ ያስመቱታል። ውሃ እንደጠጣ ከተተወ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስፖንጅም እንደዚያው ነው። እርጥቧን ባልዲ ውስጥ ከረሳችኋት ባክቴሪያ ይራባባታል፣ ትሸታለች። እኔ አጥቤ፣ ጨምቄ፣ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ እሰቅላታለሁ። መፈርፈር ስትጀምር እለውጣታለሁ።

እማዬ አሁን ዓባይ ማዶ ከወንድሜ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ስፖንጇን በላስቲክ ይዤ፣ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ። አስሟ ይድናል ብዬ አይደለም፣ መድኃኒቷን እንደ ወትሮው ትወስዳለች። እንዳላስነሳባት ብቻ ነው የፈለግኩት። ጠርጌ ስጨርስ «እስኪ አምጪያት» አለችኝ። ወንበር ላይ እንዳትወጣ ለመንኳት። ቁማ ከበሩ መቃን ጀምራ እጇ እስከደረሰበት ድረስ ሳበቻት። ከዚያ ገልብጣ አየቻት። ትልሙ ሁሉ በግራጫ አቧራ ሞልቷል፣ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ።

ዝም ብላ ቆየችና፣ «ይሄ ሁሉ ደረቴ ውስጥ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስፖንጇን አላስነካችኝም። ራሷ አጠበቻት፣ ራሷ ጨመቀቻት፣ ገመዱ ላይ ከነጠላዋ አጠገብ ሰቀለቻት። እዚያው ቀረች። ለኔ ዛሬ ከሰዓት ሌላ ገዝቻለሁ፣ እስካሁን አልነከርኳትም።

ደህና ሰንብቱ።