ትሉን ሳትጠይቁ ከሰል አትበትኑ

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ለፋግታ ለኮማ ሰው ስለ ከሰል ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ተክላችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ዘርታችሁ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጣችሁ የምታከስሉት እናንተ ናችሁ። ዛሬ በዚህ የመስክ ቀን የተጠራሁት የከሰል ድቃቂ ለኮምጣጣ አፈራችን ስላለው ጥቅም እንድናገር ነው። ጥቅም አለው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አፈር ትል ልናገር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከሰል ተጭኖ ካለቀበት ቦታ የቀረውን ድቃቂ በስድስት ጆንያ ሰብስቤ እናቴ ጓሮ አመጣሁት። ደረቅ ነው፤ ሲነካ ይቦናል። ድንች ልትተክልበት ባዘጋጀችው መደብ ላይ በተንኩት፣ ቆፍሬም ከአፈሩ ጋር ደባለቅኩት። እናቴ ዳር ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይሄ አፈሩን አያደርቅብንም?» አለችኝ። አያደርቅም አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ። መደቡ ዳር ያለውን ሣር በመቆፈሪያ ገልጣ አሳየችኝ። ትሉ ሁሉ እዚያ ተጠቅልሎ ተከማችቷል። ከጥቁሩ አፈር ውስጥ ደግሞ አንድ አወጣች። ብናኙ ሰውነቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ክር ደርቋል። መዳፏ ላይ አድርጋ ከጣሳ ውኃ አፈሰሰችበት። አልተንቀሳቀሰም። ምንም አልተናገረችኝም። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ቆዳው እርጥብ ካልሆነ አየር አያስገባም። ደረቅ ከሰል ደግሞ ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይመጥጣል። በኋላ ሳነብ፣ አሜሪካ ውስጥ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፈውት አገኘሁ። ደረቅ ከሰል ካለበት አፈር ትሎቹ ሸሹ። ከሰሉ አስቀድሞ በውኃ ሲርስ ግን አልሸሹም። እናቴ ያለችው ነው!

በሚቀጥለው ዓመት ድቃቂውን ከእበትና ከኮምፖስት ጋር ጉድጓድ ውስጥ አርሼ ሳምንታት አቆየሁት። ትሉ ተመለሰ። ኩሱን በጣቴ ስፈረክሰው ውስጡ ጥቁር ፍርፋሪ አለ። ከሰሉን ውጦ፣ በሆዱ ፈጭቶ፣ ከአፈር አዋህዶ አውጥቶታል። በየትኛው ማረሻ ነው እንዲህ የሚደባለቀው?

እንግዲህ ንዴቴን ልናገር። በየሥልጠናው «በሄክታር ይህን ያህል በትኑ» ይባላል። ከዚያ ቅጽ ይሞላል። ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ የኮምጣጣነት ልክ፣ ስንት ደረሰ? ምርቱ ስንት ኩንታል ሆነ? ትሉስ? ለትል የተተወ አንድ መስመር እንኳ አላየሁም! ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት፣ ሌሊት ሳይቀር መሬታችንን የሚያርስልን ሠራተኛ ይሙት ይሽሽ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔ ይህን ዝም ብዬ አላልፍም። እናንተም አትለፉ!

ከሰል ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ከቁንጫ የሚያንሱ፣ ነጫጭ፣ እርጥብ ቅጠል ስትገልጡ ፈንጠር ፈንጠር የሚሉ ነፍሳት አሉ። ተመራማሪዎች ለሙከራ የሚያረቧቸው ጄሶና ከሰል ተደባልቆ በተሠራ እርጥብ ወለል ላይ ነው። የፈንገስ ክር ወደ ከሰሉ ቀዳዳ ይገባል፤ እነሱ ደግሞ ፈንገሱን ይግጣሉ። እርጥበት ካለ ከሰሉ ቤታቸው ነው።

የከሰሉ ዓይነትም ይለያያል። ከዶሮ ኩስ የተሠራው ጨውና አመድ ስለሚበዛበት ብዙ ሲጨመር ትል እንደሚገድል ታይቷል። እሱን በጥንቃቄ ያዙት።

አሁን ወደ ማሳው እንውረድ። አካፋዎቹ አጥሩ ጋ ናቸው። ከሰል ከገባበትና ካልገባበት መደብ እኩል ጉድጓድ ቆፍረን፣ አፈሩን ጆንያ ላይ ዘርግፈን ትሉን እንቁጠር። ቁጥሩን ልጆቹ ይጻፉልን።