በቅሎ የወለደቻት ከተማ

እንደምን አመሻችሁ፣ አካም ጅርቱ፣ አሰላሙ አለይኩም። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከመናኸሪያ የመጣችሁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ባጃጃችሁን በር ላይ አቁማችሁ የገባችሁ ልጆች (ቁልፉን ነቅላችኋል አይደል?)፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ እዚህ ፊት የተቀመጣችሁ የድሮ ባለጋሪዎች፣ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ፊት ያስቀመጥናችሁ ለክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ስሳሳት ቶሎ እንድታርሙኝ ነው።

የጠራናችሁ ለአንድ ነገር ነው። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ የጅማን የትራንስፖርት ታሪክ በእግር፣ በጋሪና በባጃጅ እየዞርን ማስጎብኘት ልንጀምር ነው። ይሄን ሃሳብ ይዤ መጀመሪያ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር፣ የቱ ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውዬው ሰምቶኝ ሰምቶኝ ሲያበቃ "የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እያለ ሰው ጋሪ ምን ብሎ ያያል?" አለኝ። ዝም አልኩ። መልሱ የመጣልኝ እንደሁልጊዜው ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አባ ጅፋር እኮ ራሱ የፈረስ ስም ነው! የንጉሡ ስም ቱሉ ነበር፣ ጅፋር ፈረሱ ነው፣ ልክ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደምንለው። ንጉሡ በፈረሱ ስም ሲጠራ ታሪክ ከሆነ ፈረሱ እኔንና እናቴን አሳፍሮ ገበያ ሲወስድ ታሪክ የማይሆነው ለምንድነው?

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት ይባላል፣ እውነት ነው፣ ሀዲዱ እንደ ፈረንጅ በ1902 ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። ጅማ ግን ባቡር አይታ አታውቅም። ጅማን የወለደቻት በቅሎ ናት። በቅሎ አትወልድም እንዳትሉኝ፣ ይቺን አንዷን ወልዳለች። ንጉሡ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር የሚኖረው፣ ከታች ሜዳው ላይ ሂርማታ ላይ ገበያው ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ። ከሊሙ፣ ከከፋ፣ ከኩሎ፣ ከሸዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ መንገዱ የሚገጥመው እዚያ ነው፣ አንዱ አሞሌ ጨው ጭኖ ይመጣል፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ የዝሆን ጥርስ፣ አንዱ ዝባድ፣ አጋሰሱ ጭነቱ ይወርድለታል፣ ነጋዴው ያድራል፣ ያደረ ሰው ይበላል፣ የሚያበላ ሰው ጎጆ ይሠራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛሬ ሂርማታ የምንለው ሰፈር መጣ። ሰውም በዚሁ መንገድ ታስሮ እየተነዳ እዚሁ ገበያ ይሸጥ ነበር። ይሄንን ቱሩ ላይ እንናገራለን፣ አንዳንዱ ሰው ተዉት ብሎኛል፣ አልተውም፣ መንገዱን ካሳየን የተሄደበትን ሁሉ ነው የምናሳየው።

ደግሞ ኬላ የምትሉት ቃል አለ አይደል፣ ዛሬ አውቶቡሱ ቆሞ ፖሊስ ገብቶ መታወቂያ የሚያይበት። የአባ ጅፋር መንግሥት በየድንበሩ ኬላ ነበረው፣ ዙሪያው ጉድጓድ ተቆፍሮ መግቢያው በር በር ላይ ብቻ፣ ነጋዴው እዚያ ቀረጥ ከፍሎ ነው የሚያልፈው። ንጉሡ እንደ ፈረንጅ ከ1878 እስከ 1932 ሲገዛ ከእርሻው እኩል ይሄ መንገድና ገበያ ነበር የሚያበላው። እኛ ግን ስለ ጅማ ስንጠየቅ ቡና፣ ቡና፣ ቡና ነው። የተሸከመውን አንጠራም። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት አጎቴ ፈረስ ነው አለ የሚባለው ተገልብጦ በእኛ ደረሰ።

ሂርማታ ላይ ቆመን ይሄን ካወራን በኋላ ወደ ፈረንጅ አራዳ በእግር እንሻገራለን። ጣሊያን ከ1929 እስከ 1933 ነው እዚህ የቆየው፣ በኛ አቆጣጠር፣ ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት፣ የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ዘረጋ። ሕንፃውን ለሌላ ቱር እተወዋለሁ፣ ስለሱ የሚያወራ ብዙ ሰው አለ። እኔ የምፈልገው አፋችሁ ውስጥ የቀረውን ነው። እስቲ አንድ ሹፌር መኪናው ሲበላሽበት ስሙት፦ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካቻቢቴ፣ ፖርቶመጋላ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ሮም ወስዳችሁ ብታስቀምጡት ቋንቋ ሳይማር ጋራዥ ይገባል። ፌርማታም የነሱ ነው፣ ቢያጆም የነሱ ነው፣ "ዛሬ ስንት ቢያጆ ሠራህ?" ስንባባል ጉዞ ማለታችን ነው፣ ጣሊያንኛ እያወራን መሆናችንን ግን ማንም አያስበውም። የድሮዎቹ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት መኪናም ፊያት 634 ነው፣ ሠላሳ አራት ማለት ነው በቃ። ሰውዬው መሬቱን ለቆ ሲሄድ ቃሉን ማን ይዞለት ይሂድ፣ እኛው ጋ ቀረ።

አጂፕ ጋ ስንደርስ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ አሁንም ልጠይቅ፣ እዚህ ካላችሁት ወጣቶች አጂፕ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ? የጣሊያን ነዳጅ ኩባንያ ስም ነው፣ ምልክቱ እሳት የሚተፋ ስድስት እግር ያለው ጥቁር ውሻ። ሰፈሩን ሁሌ እንጠራዋለን፣ ውሻውን ረስተነዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ቶሎ ቶሎ ነው የማልፈው። በ1943 የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፣ መንገዱ ተጠገነ፣ አውቶቡስ መጣ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊቤ በረሃ መውረድና መውጣት፣ ወልቂጤ ላይ መብላት፣ ይሄን ሁላችሁም ሆዳችሁ ያውቀዋል። አውሮፕላኑም ቢሆን፣ አየር መንገዳችን በ1938 ካይሮ መብረር ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሀገር ውስጥ መጀመሪያ ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዷ ጅማ ናት። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ የወታደር ዕቃ ማመላለሻዎች ነበሩ፣ ሰው ግራና ቀኝ እንደ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ መሃል ላይ ጭነት። ዛሬ ሐሙስ ከገበያ ስንመለስ አይሱዙ ላይ የምንቀመጠው አቀማመጥ እኮ ነው፣ ዝም ብለን አናማር።

አሁን ወደ ጋሪው ልምጣ፣ ወደ ልቤ።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ፈረሳችን ዳማ ነበር፣ ስሙም ዳማ፣ ብዙ አልተጨነቅንም። ጠዋት ገና ጎህ ሳይቀድ አባቴ ፋኖስ ይዞ ይወጣና መጀመሪያ የሚያየው ጎማውን አይደለም፣ የፈረሱን ጀርባ ነው፣ ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ትንሽ ከሞቀ ያቺን ቀን አይሠራም። እናቴ ትቆጣለች፣ ቤት ውስጥ ዳቦ የለም፣ እሱ "የሱ ቁስል የኛ ረሃብ ነው" ይልና ጆንያውን አጥፎ ከማሰሪያው ሥር መስፋት ይጀምራል። ያንን ጆንያ አሁንም አለኝ። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ፣ በእጃችሁ ታዩታላችሁ፣ መሃሉ ላይ በላቡ የጠቆረ የመዳፍ ያህል ቦታ አለ፣ ሽታው አልለቀቀም።

ዳማ ደንበኛ ያውቅ ነበር። በየቀኑ የሚቆምበት በር ላይ ሳይነገረው ይቆማል፣ ችግሩ አንደኛው በር ጠጅ ቤት ነበር። አንድ እሁድ ሙሽራ ጭነን፣ ሚዜው ጃንጥላ ይዞ፣ ጋሪው በአበባ አጊጦ፣ ልክ ጠጅ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቀጥ። ቼ ቢባል፣ በልጓም ቢጎተት፣ ወይ ፍንክች። ጠጪው ሁሉ ወጥቶ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሙሽራዋ ሳቀች፣ የሙሽራው አጎት ግን አልሳቀም፣ ሂሳቡንም ግማሽ ነው የከፈለን። ያኔ አንድ ሰው ለአንድ ቢያጆ ስሙኒ ነበር፣ እኔ ከኋላ ተንጠልጥዬ እየሰበሰብኩ አሥር ሳንቲም የምትሰጠኝን ደንበኛ እስካሁን አልረሳትም።

አንድ ነገር ደግሞ አባቴ ከሱ በፊት ከነበሩት ሰምቶ ይነግረኝ ነበር። ሀገራችን እስከ 1956 ድረስ በግራ ነበር የሚነዳው፣ ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተቀየረ። መኪናው ሹፌሩን ይሰማል፣ ፈረሱስ? ሽማግሌዎቹ ፈረሱ አዋጅ አልሰማም እያሉ ይስቁ ነበር አሉ፣ የለመደውን ግራ ጥርግያ ይዞ ሲሄድ። እውነት ይሁን ጨዋታ፣ እዚህ ፊት የተቀመጡት ያርሙኛል።

ባጃጁ በ90ዎቹ መጣ። በአንዴ አልነበረም፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ልጆች ይከተሉት ነበር፣ ከዚያ አስፋልቱ ሰማያዊ ሆነ፣ ጋሪ ከዋናው መንገድ ውጣ ተባለ፣ ወደ ውስጥ ኮረኮንቹ ገባ፣ ከዚያም ወደ ገጠሩ ዳር። አባቴ ዳማን የሸጠበትን ቀን አላወራም። ግን በባጃጅ አልተናደደም፣ ይሄን የምለው ለናንተ ለልጆቹ ነው። አንድ ቀን አብረን ተሳፍረን ሳለ ሹፌሩን "ይሄ ምን ይበላል?" አለው፣ "ቤንዚን" አለው ልጁ፣ "ሲታመምስ?" አለው፣ "ጋራዥ"፣ "ሲያረጅስ?" ልጁ መልስ አልነበረውም፣ አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ጋሪ በህንድኛም ተሽከርካሪ ማለት ነው፣ ባጃጁም የመጣው ከህንድ ነው፣ እንግዲህ ዝምድና የለም አትበሉኝ።

ለንደን ውስጥ አልድዊች የሚባል እንደነሱ አቆጣጠር በ1994 የተዘጋ የባቡር ጣቢያ አለ። ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ውስጥ ሰው ትኬት ቆርጦ ገብቶ ባዶ ግድግዳና የድሮ ማስታወቂያ አይቶ ይወጣል። እኛ የተዘጋ ጣቢያ የለንም፣ ያለን ሰው ነው። ፈረስ ጫማ እንዴት እንደሚመታ፣ ጊቤ ላይ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚደረግ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ዶሮና ቡና ጆንያ ሳይጣላ እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቅ ሰው። ግድግዳ ይቆያል፣ እነዚህ ግን፣ ፊት ያላችሁት ይቅር በሉኝና፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ሁለቱን ቀብረናል። ለዚህ ነው ጋይዱ እኔ ያልሆንኩት። እኔ መንገድ አሳያለሁ፣ የሚያወሩት እነሱ ናቸው፣ ገንዘቡም የሚከፈለው ለነሱ ነው፣ ሻይ ግብዣ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ጅሬን ቤተ መንግሥቱ በር ላይ እንገናኝ፣ ከዚያ ወደ ሂርማታ ቁልቁል በእግር ነው፣ ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ዝናብ ካለ ጃንጥላ፣ ጅማ ነው መቼም። ከአጂፕ ወዲያ ጋሪ ይጠብቀናል፣ ባንድ ጋሪ ሦስት ሰው ብቻ፣ አራተኛ ካየሁ ፈረሱን ፈትቼ እናንተን ነው የማስጎትተው። ጋሪ ላይ መውጣት የሚፈራ ካለ ከኋላ ባጃጅ ይከተለናል፣ ሹፌሩ ያ አባቴ "ሲያረጅስ?" ያለው ልጅ ነው፣ አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኗል፣ ቁርስ ሳይበላ ስለሚመጣ አንዳችሁ ፓስቲ ያዙለት።